ከጨለማው በኋላ ሦስት ደቂቃ

እኔ፣ ጓዴ የምባለው፣ ቢቸና ላይ ቪዲዮ ቤት ከከፈትሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የአንድም ፊልም መጨረሻ አይቼ አላውቅም ነበር። ቴሌቪዥኑ ጨለም ሲል አጠፋዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሠሪዎቹ ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በእኔ ቤት ግን መቀመጫ አልነበረውም። ውጭ የተሰለፈው በር ይደበድባል፣ ውስጥ ያለው መውጣት አለበት። በዚህ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም።

አንድ ፊልም የያዘችውን ያችን ፍላሽ ከሞጣ ያመጣልኝ የሚኒባስ ሾፌር ነው። «አውሬ አለበት፣ ሞጣ ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራ» አለኝና ሄደ። ጊዜው የካቲት፣ ቀኑ ገበያ ነበር። የመጀመሪያውን ጥቂት ደቂቃ አይቼ፣ ይሠራል አልሁና ሕዝቡን አስገባሁ።

ሲጀምር ጥቁር ላይ በነጭ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ምስል ጫካ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ ስልክ የተወሰደ ነው። ባለቤቶቹ እስካሁን አልተገኙም።» ከዚያ አራት ወጣቶች ጫካ ለጫካ ይሄዳሉ። ሙዚቃ የለውም። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሣር ያሳያል፣ ሰማይ ያሳያል። ሰዉ ቆሎውን እየቆረጠመ ያወራል። በመካከል ስልኩን የያዘው ልጅ ወደ ራሱ ፊት አዞረው። ከፊት አግዳሚ አንዱ ተነሣ።

«ይታገስ አይደለም እንዴ? የሀብትነሽ ልጅ!»

ሀብትነሽን ቢቸና ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ጌሾ ነጋዴ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ያላትም ልጅ እሱ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እንጨት ሥራ ልማር ብሎ ሞጣ ሄደ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ስልኩ አይጠራም። በየጠዋቱ ትደውላለች፣ በየጠዋቱ ማግኘት አይቻልም ይላታል።

ቆሎ የሚቆረጥም ጠፋ። አውሬው ሲመጣ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው፤ የቀረው ትንፋሽ ነው። አንዱ ጅብ ነው አለ፣ ሌላው ጋኔን ነው አለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ጅብ እንዲህ አይተነፍስም» ብለው ክርክሩን ዘጉት። ከጅማ ተመድቦ የመጣው የሂሳብ አስተማሪ ከድር ብቻ ሳቀ።

«ፊልም እኮ ነው፣ ተዉ እንጂ» አለ።

አጠገቡ ያለው ሰው ኮሌታውን ያዘው። «የሰው ልጅ እየተበላ ትስቃለህ?»

ከድር ኮሌታውን አስለቅቆ ወጣ። ማንም አልሰማውም፤ እኔም አልሰማሁትም። በእነዚህ ዓመታት በስልክ ያላየነው ሞት የለም። እውነተኛው ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ዘፈን ያለበትና ቀጥ ብሎ የሚቆመው ውሸቱ ነው። እንዲህ ለምደናል። እኔ ፊልም ነው ብዬ ነበር ያስገባሁት፤ ሕዝቡ ሲያለቅስ ግን የራሴ እርግጠኝነት ከዳኝ።

ይታገስ ጮኸ። ስልኩ ወደቀ። እጁ በቅጠሉ መሐል ሲጎተት ታየ፣ ደም ታየ፣ ከዚያ ጨለመ። አጠፋሁት።

መርዶ በእኛ ዘንድ መንገድ ላይ አይነገርም። የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል፣ የሟች ዘመድ ፊት አይቆምም፤ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ። ደግ ልማድ ነው። ክፋቱ፣ ሁሉም አፉን ስለሚዘጋ ማንም አለመጠየቁ ነው። በማግስቱ ሀብትነሽ ጌሾዋን ይዛ ወጣች፤ ማንም ዋጋ አልተከራከራትም። «ዛሬስ ሰዉ ምን ነካው?» እያለች ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ ገባች።

ማታ የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ክርስቶስ መጡ።

«ጓዴ፣ በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ አባ።»

«ልጁ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው።»

አልዋሸሁም። እሳቸው ሌላ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጨመርሁም።

ጎህ ሲቀድ ሄድን፤ ከሁሉ ኋላ ቆምሁ። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የሠልስቱ ዕለት ቤቴን ዘግቼ ያን ነገር ከላፕቶፔ ላጠፋው ተቀመጥሁ። እጄ እንቢ አለኝ። ደግሜ ከፈትሁት። ጨለመ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጠፋው ተቀመጥሁ። ጨለማው ረዘመ። ከዚያ በራ።

ቧንቧ አለ፣ ባልዲ አለ። ይታገስ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል፣ ከአገጩ ቀይ ውሃ ይወርዳል፣ ይስቃል። የምትቀርጸው ልጅ «ቀለሙ ከፀጉርህ አልለቀቀም» ትለዋለች። እሱም «እማዬ ይችን ብታይ ትገድለኛለች» ይላል። ከዚያ ስማቸው ይመጣል። ሁሉም ሦስት ደቂቃ ነው።

የዚያኑ ጊዜ እናቱ ዘንድ መሮጥ ነበረብኝ። መጀመሪያ ላጣራ ብዬ ሞጣ ሄድሁ። ማጣራት ያልሁት ፍርሃቴን ነው፤ ዛሬ አልደብቀውም።

የቀረጸችውን ልጅ አገኘኋት፤ ብሩክታይት ትባላለች፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት አላት። መርዶ መነገሩን ስነግራት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ይታገስማ ቀርጸን በጨረስን በሳምንቱ ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄደ» አለች። «ለገና እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ለየትኛው ገና?»

«ላለፈው» አለችና አቀረቀረች።

ሰማሁ። ገናው ካለፈ ወር እንዳለፈው እያወቅሁ የት ቀረ ብዬ አልጠየቅኋትም። ከሞጣ ይዤ የተመለስሁት የፈለግሁትን ብቻ ነው፦ ልጁን አውሬ አልበላውም።

ሀብትነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጭድ ላይ ተቀምጣለች። «እትዬ ሀብትነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይችን ይዩልኝ» ብዬ ላፕቶፑን ፊቷ አስቀመጥሁት። ትንፋሿን ይዛ አየች። «መልሰው» አለችኝ። መለስሁት። አራት ጊዜ መለስሁት። ልጇ «ትገድለኛለች» ሲል በአምስተኛው ሳቀች።

«እገድለዋለሁ» አለች።

የዚያኑ ዕለት ጥቁሯን አወለቀች፣ የአርባውን ዝግጅት አስቀረች። አባ ገብረ ክርስቶስ ጠርተው «ታዲያ ልጁ የታለ?» አሉኝ። መተማ ነው፣ ይመጣል አልኋቸው። ይመጣል የሚለውን ከራሴ ነበር የጨመርሁት።

ከዚያ በኋላ የሞጣ መኪና በሚገባበት ሰዓት ሁሉ መናኸሪያ ትቀመጣለች። ከዚያ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ተመልካች ሳይገባ ሦስቱን ደቂቃ አሳያታለሁ። ሰዉ ደስ አለው። እኔንም ሙት ያስነሣ ይመስል አመሰገነኝ፤ ምስጋናውን ሳላፍር ተቀበልሁ።

ግንቦት ላይ ፋንታ የሚባል ከሲታ ሰው ከሞጣ መኪና ወረደና የሀብትነሽን ቤት ጠየቀ። እሷ አሥር እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ክንዱን ይዘው ወደ አባ ወሰዱት።

ፋንታ መተማ ላይ ከይታገስ ጋር ሰሊጥ ሲያጭድ የነበረ ነው። ጥቅምት ላይ ይታገስን ወባ ያዘው፣ በአምስተኛው ቀን ሞተ፣ እርሻው ጠርዝ ላይ ቀበሩት። ፋንታ ራሱም ታሞ ወራት ተኛ፣ መንገድም ተዘጋበት። እኛ የካቲት ላይ ፊልሙን አይተን ስናለቅስ፣ ልጁ ከተቀበረ አራት ወሩ ነበር። ፋንታ የይታገስን መታወቂያና ሹራብ አመጣ።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ መርዶውን የሚናገር ግን ጠፋ። አባ ገብረ ክርስቶስ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኛ አንድ ጊዜ አርድተናታል፤ ሁለተኛ የምንናገርበት አፍ የለንም። አንተ ትናገራለህ።»

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሳናንኳኳ ከፈተችልን። ሽማግሌዎቹን አየች፣ መስቀሉን አየች፣ እኔ እጅ ላይ ያለውን ሹራብ አየች። አላለቀሰችም። ሁሉን ነገርኋት፤ መተማውን፣ ወባውን፣ ጥቅምቱን፣ መቃብሩን። ምንም አላስቀረሁም። ፋንታ «እኔው ነኝ አፈር ያለበስሁት፣ እናቴ» አላትና መታወቂያውን ሰጣት። ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እስከዚህ ድረስ ያለውን ባለፈውም ነግራችሁኛል» አለች።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ይኼ እውነት ነው።»

«ያኔም እውነት ነው ብላችሁ ነበር።» ድምፅዋ እንደ እናት ገር ነበር፤ የገደለኝም እሱ ነው። «አንተ ልማድህ ነው፣ ጓዴ። ጨለም ሲል ታጠፋዋለህ። ከጨለማው በኋላ ሌላ እንዳለ አንተው አይደለህም ያሳየኸኝ?»

መታወቂያውን ሹራቡ ላይ አኖርሁት። ሀብትነሽ ወደ ውስጥ ገብታ አግዳሚ አወጣች፣ ደጃፉ ላይ ዘረጋችልን።

«ተቀመጡ» አለች። «እስኪበራ አብረን እንጠብቅ።»

ተቀመጥን። ፀሐይ ወጣች፣ ጎረቤት ከብቱን አወጣ፣ ሹራቡ ጉልበቴ ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን የሞጣ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ሀብትነሽ ነጠላዋን አስተካክላ በፊታችን አልፋ ሄደች።