ሽጉጥ አይወረስም

እኔ ባዩሽ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ያውም የጎረቤቴን ደም ካፈሰስኩ በኋላ።

ባሌ ጆቴ ሲሞት ፍርድ ቤት ሄጄ የወራሽነት ወረቀት አወጣሁ። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለውን ቤት ወረስኩ፣ ላሚቱን ወረስኩ። ሽጉጡንም የወረስኩ መሰለኝ። ፈቃዱ ላይ ያለውን የጆቴን ፎቶ ልጬ የራሴን ለጠፍኩበት፤ ፊደል ባልቆጥርም ሙጫ አያቅተኝም። ከዚያ ወዲያ ገበያ ስሄድ፣ ቸርች ስሄድ፣ አርጆ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ሽጉጡ ከነጠላዬ ሥር አይጠፋም። ኬላ ላይ አሮጊት ማን ይፈትሻል?

ዱቤ ጎረቤቴ ነው፤ የጆቴን መቃብር የቆፈረ ሰው። የአቮካዶዬ ቅርንጫፍ ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ቆርቆሮውን ስለጎዳበት ቁረጭልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለመነኝ። ሦስቴም ሰደብኩት። በአራተኛው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገጀራ ይዞ ግቢዬ ገባ።

"ማሎ፣ በፈጠረሽ አዴ ባዩሽ፣ ዛሬስ እቆርጠዋለሁ።"

"መጀመሪያ ጢምህን ቁረጥ።"

"ጆቴ ቢኖር ራሱ ይቆርጠው ነበር" አለ። "ለካ እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው የነበረው እሱ ብቻ ነው።" ይህን ብሎ ዞረና መንገዱን ጀመረ።

ቃሉ ወጋኝ። ገጀራው ወደ መሬት ተዘቅዝቋል። በሩ ጋ ሊደርስ ሦስት እርምጃ ቢቀረው ነው። ተኮስኩ። ወደ በሩ ታጠፍ ሲል ጥይቱ ባቱን በጎን በሳው።

ፖሊስ ሲመጣ "በገጀራ መጣብኝ" አልኩ። ያየ ሰው አልነበረም። ዱቤን ሆስፒታል አስተኝተው አልጋው አጠገብ ፖሊስ አስቀመጡበት።

ሰኞ መርማሪዋ ዘንድ አቀረቡኝ። ሌንሳ ትባላለች፤ የልጅ ልጄን ብታህል ነው። ፈቃዱን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ሽጉጥ አይወረስም፣ አዴ። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውዬው ነው። ባለቤትዎ ሲያርፉ ለፖሊስ ማስረከብ ነበረብዎ። ፎቶውማ ራሱን የቻለ ክስ ነው።"

"እሺ፣ ይሁን። ራሴን መከላከልስ መብቴ አይደለም?"

"ነው። ጥቃቱ እርስዎ ላይ እየመጣ ከሆነ፣ ሌላ ማምለጫ ካጡ፣ ከሚያስፈልገውም ካላለፉ። ኡኡ ብለው ጎረቤት ጠርተዋል?"

"እኔ ሰባት ስወልድ ያልጮኽኩ ሴት ነኝ።"

ጻፈችው። ለካ ኩራት ሲጻፍ ያስጠላል፤ ማንበብ ሳልችል ገባኝ።

"ጥይቱ በጎን ነው ያለፈው" አለች። "አቶ ዱቤ እየመጡ ይሁን እየሄዱ ሐኪሙ መለየት አልቻለም። እየመጡ ከነበረ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። እየሄዱ ከነበረ ግን አደጋው አልፏል፤ ያለፈን አደጋ ደግሞ ማንም አይከላከልም። ያኔ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።"

"እሱስ ምን አለ?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"'አዴ ባዩሽን ጠይቋት' ብለዋል። 'ምላሷ እሬት ነው እንጂ ውሸት አታውቅም። እሷ ያለችውን ጻፉ።'"

ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ቢረግመኝ መልስ አላጣም ነበር። ጆቴን ስንቀብር፣ ሁሉም ወደ ቤት ሲመለስ፣ ዱቤ ብቻውን ቀርቶ አፈሩን በእጁ ሲያስተካክል ከኋላው አይቼዋለሁ። እዚያ ጀርባ ላይ ነው ቅዳሜ ዕለት ያነጣጠርኩት። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

"ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር" አልኩ።

"ምን አሉ፣ አዴ?"

ነጠላዬን ገለጥኩት። ጮኽኩ፤ ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እስኪዞር ድረስ።

"እየሄደ ነበር አልኩሽ። ከኋላው ነው የተኮስኩት።"

ጽፋ ስትጨርስ ቀለሙን አቀረበችልኝ፤ አውራ ጣቴን አተምኩ። ይቅር በለኝ ብለሽ ንገሪልኝ ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ቃሉን እንኳ ለመላክ አፈርኩ።

"ያንን ፖሊስ ከአጠገቡ አንሱለት" አልኳት። "ዱቤ ሰው እያየው እንቅልፍ አይወስደውም።"