የቦሼ ዘጠኝ

ቦሼ ከአልዱባ ጂንካ ሆስፒታል መጥታ በኦፕራሲዮን ወለደች። ልጁ ደህና ነው፤ ጉዱ የሷ ሆድ ነው። ከወገቧ በታች ያደነዘዛት መድኃኒት ሲለቃት ቁስሉ ያንገበግባት ጀመር። አማቷ እማማ አለምነሽ ደግሞ ራስጌዋ ተቀምጠው፣ በነሱ ቤት ወልዳ የጮኸች ሴት እንደሌለች ለክፍሉ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ታዲያ ምን ታድርግ፣ ጥርሷን ነከሰች።

ዘሩባቤልና አብኔር የሚባሉ ሁለት የሰመመን ባለሙያዎች እዚያ ጥናት ይዘዋል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ነርቭ አደንዝዞ ሕመም የሚያስታግስ መርፌ አለ፤ ዘሩባቤል የሆድ ጎን ላይ ይወጋል፣ አብኔር ጀርባ ላይ። የማን ይበልጣል ሲባባሉ ሻይ እንኳን አብረው መጠጣት ትተዋል። ቦሼ ለዘሩባቤል ደረሰች፣ ጎኗን ተወጋች።

ዘሩባቤል ፈገግ ብሎ መጣና ሕመሟ ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ጠየቃት። አፏን ሳትከፍት እማማ አለምነሽ ምንም የለባትም፣ ዜሮ ብለህ ጻፍ አሉት። ደስ ብሎት ሊሄድ ሲል ቦሼ ጋውኑን ያዘችው።

«ማስታገሻ እንዲጨመርልኝ ስንት ማለት አለብኝ?»

አራትና ከዚያ በላይ ላለች ይጨመራል አላት። ግን ባትል ይመርጣል፤ መርፌህ አልሠራም ብሎ አብኔር ይስቅበታላ።

«እንግዲያው ዘጠኝ።»

ዘሩባቤል ክው አለ። ጎንበስ ብሎ፣ «የኔ እህት፣ ዘጠኝማ በዛ። ሁለት እንበለው?» አላት።

«ዘጠኝ።»

መርፌው ገና እየሠራ ነው አለ፣ ለሳይንስ ብለሽ ታገሺ አለ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ወደ ሦስት ከፍ አደረገና ከዚህ በላይ አልችልም አለ። ቦሼ በላብ ተጠምቃለች፣ አቅሟ አልቋል። ሦስት ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ።

እማማ አለምነሽ ግን አልዱባ ገበያ ፍየል ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። እንዲህ የሚያባብል ገዢ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። የቤቱንም ክብር፣ ዜሮውንም ረሱት።

«አንቺ፣ እንዳትቀንሺለት። የትም አይሄድም» አሉና ወደ ዘሩባቤል ዞሩ። «አስር ነው። ላቧ አይታይህም?»

በር ላይ ቆሞ የሚሰማው አብኔር ማስታገሻውን ይዞ ከተፍ አለ፣ ያውም እየሮጠ፣ ያውም እየሳቀ። ቦሼ ተወጋችና ቀስ በቀስ የሆዷ ሕመም ቀለል አለላት።

ይሄኔ ከጎን አልጋ፣ ጀርባዋን አብኔር የወጋት ሴት ቀና አለች። እማማ ለሷም እንዲደራደሩላት ለመነች። እማማ አለምነሽ ወንበራቸውን ጎተት አድርገው ዞሩ።

ቦሼ እንቅልፍ ሳይወስዳት በፊት መጨረሻ የሰማችው የአብኔርን ድምፅ ነው፣ «እሺ ሁለት እንበለው?» ሲል።