የባባ ልብ ምት

«ቁራው እምቢ ካለ ሟቹን ቅር ያለው ነገር አለ ማለት ነው» አለች አትያ፣ የሟቹ እህት። «በሉ እንጂ! ቃል ግቡለት!»

የሐዘኑ አሥረኛ ቀን ነው። ጎዳቫሪ ወንዝ ዳር፣ ደረጃው ላይ፣ ለሟቹ የቀረበው የሩዝ ድቡልቡል በቅጠል ላይ ተቀምጧል። ቁራ ካልነካው የሟች ነፍስ መንገዷን አትቀጥልም። ሌላ ጊዜ ከልጅ እጅ ቂጣ የሚነጥቁት ቁራዎች ደግሞ ዛሬ ዛፉ ላይ ተኮልኩለው ይግደረደራሉ።

የበኩር ልጁ ሃርሻድ ራሱን ተላጭቷል። ዓይኑ ከእህቱ ከማንጂሪ እጅ አልተነቀለም። የያዘችው የአባታቸውን ሰዓት ነው፤ የልብ ምት የሚቆጥረውን። የሚስጥር ቁጥሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ባባ፣ ቤቱ አይሸጥም!» አለ ሃርሻድ ወደ ዛፉ። ቁራዎቹ አልወረዱም። «ማንጂሪን አላስከፋትም!» አሁንም አልወረዱም። ወደ እህቱ ዞረ። «ሰዓቱን ክፈቺው። ልቡ ሲደክም ደብቆኝ ነው የሞተው። ባባ እወቁልኝ እያለን ነው!»

«ተው፣ ዳዳ» አለች ታላቅ ወንድሟን።

«ምን ተው! ሰዓቱን የገዛሁለት እኔ፣ የልቡን ምት ወደ ስልኬ መላኩን ያጠፋብኝ እሱ! ላድነው እችል እንደነበር ሳላውቅ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

ድምፁ ተሰበረ። የማንጂሪን አንጀት በላው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ምስኪን። በለቅሶ ቤቱም ጎረቤት ምግብ ይዞ በገባ ቁጥር ሹክሹክታው ይኸው ነበር፤ «ሽማግሌው ምን ቢደብቅ ነው?»

ሰዓቱ የተገዛ ሰሞን ባባ ክሪኬት እያየ ልቡ ዘለል ካለ ሃርሻድ ከሙምባይ ይደውላል። «ባባ፣ ምን በላህ? ደረጃ ወጣህ?» ባባም ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ማንጂሪ ስትገባ የሟች ሚስቱን ልብስ፣ ሳሪዋን፣ ታቅፎ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ አገኘችው። ስልኩ ጮኸ፤ ሃርሻድ ነው።

«ባባ፣ ልብህ ለምን ፈጠነ?»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» አለ እንባውን እየዋጠ። ስልኩን ዘግቶ ወደ እሷ ዞረ። «ማንጁ፣ ለእናትሽ እንኳ ብቻዬን አላልቅስ? አጥፊልኝ ይሄን ነገር። ማንም አይይብኝ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ማንጂሪ አሁን፣ ወንዙ ዳር።

አትያ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

«ለእማማ ሲያለቅስ እየደወልክበት ነበር፣ ዳዳ። የደበቀህ ልቅሶውን ነው።»

«ልቡስ? ባውቅ ኖሮ አልደርስለትም?»

«ምናልባት ትደርስለት ነበር። እኔም ይህን ይዤ ነው የምኖረው።»

የሚስጥር ቁጥሩን አስገብታ ማጥፊያውን ነካች። ሰዓቱ፣ የልብ ምቱ መዝገብ ሁሉ ይጥፋ ወይ? ብሎ ጠየቃት። ሃርሻድ ክንዷን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። አመማት፤ አላስለቀቀችውም። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ኋላ ጣቶቹ ላሉ።

ማንጂሪ «አዎ» የሚለውን ተጫነችው። ሰዓቱ ጠቆረ።

«ባባ፣ ከእንግዲህ ማንም አያይብህም» አለችና ጀርባዋን ለሩዙ ሰጠች፤ ሃርሻድም እንደ እሷ ዞረ።

ከኋላቸው የቁራ ክንፍ ተርገበገበ። ሃርሻድ ሊዞር ሲል የተላጨ ራሱን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ወንዙ መለሰችው።

«አትየው፣ ዳዳ። ብቻውን ይብላ።»