ስኳር የሌለበት ቤት

ባሏ «ሚኒስትሯ» ነው የሚላት። መጀመሪያ ላይ ሙሉውን «የምግብ ሚኒስትሯ» ይላት ነበር፤ ኋላ እንደማንኛውም ሹመት ሲለመድ አጠረ። እሷም አልጠላችውም። ሰው በገዛ ቤቱ ካልተሾመ የት ሊሾም ነው?

የተሾመችው ባሏ የስኳር በሽታ እንዳለበት በተነገራቸው ቀን ነው። ከክሊኒክ እንደተመለሱ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ኩሽና ገባች። ስኳሩን፣ ማሩን፣ ማርማላታውን፣ ብስኩቱን፣ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠውን ከረሜላ ሳይቀር በፌስታል ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠች። አብረዋቸው የሚኖሩት የባሏ እናት፣ አማቷ፣ ፌስታሉ በበር ሲወጣ ከሶፋው ተነሥተው፣ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ቆመው አዩት። ባሏ ግን ሳቀ። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ከሳሎኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መስታወት ሰክቶ ሲሠራ ይውላል። ካልቀለደ መፍቻው አይዞርለትም።

«በቃ፣ አለቀልኝ» አለ። «ከእንግዲህ የምበላው እንደ ጥንቸል ነው።»

እንዳለውም ሆነ። ሚኒስትሯ በየሳምንቱ ሐሙስ የቤተሰቡን ምግብ ታቅዳለች፣ አስቤዛውን በስልኳ ታዝዛለች፣ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃው በር ድረስ ይመጣል። ጎመን፣ ካሮት፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ አጃ፣ ፖም። ቅዳሜን ስትከትፍ፣ ስትቀቅል፣ ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ እየከፋፈለች ፍሪጅ ስትሞላ ትውላለች። የማክሰኞው ምስር ሰኞ አይነካም። ረቡዕ ዓሣ ከተባለ፣ ሰማይ ቢደፋ ዓሣ ነው። ልጃቸው አንድ ቀን «እማዬ፣ ሐሙስንና ዓርብን ብናቀያይራቸውስ?» ብላ ጠይቃ፣ ያገኘችው መልስ ሁለተኛ አላስጠየቃትም።

ሚኒስትሯ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። በሸሚዝ ብብት ሥር የዘለለች አንዲት ስፌት አታመልጣትም። ያው ዓይን ቤትም የሚሠራ ይመስላት ነበር። እርግጥ እሷም ሰው ናት፤ ፋብሪካው ውስጥ በሻይ ሰዓት ከቦርሳዋ አንዲት ከረሜላ አውጥታ ጉንጯ ውስጥ ወሸቅ ታደርጋለች። ያ ግን የሥራ ቦታ ጉዳይ ነው፣ ቤቱን አይመለከትም። ለራሷ የምትነግረው እንደዚያ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ የባሏ ስኳር አልወርድ አለ። ጭራሽ ወጣ።

ሐኪሙ ግራ ተጋባ። ስልኳ ላይ ያለውን የሳምንት ዕቅድ ከቁርስ እስከ እራት አንድ በአንድ አየና «የእኔ ሕመምተኞች ሁሉ እንደ እርስዎ ያለች ሚስት በኖረቻቸው» አላት። ፊቷ በራ። ሐኪሙ ግን ወደ ባሏ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። «ምግቡ እንዲህ ሆኖ ካልወረደ፣ በሽታው ራሱ እየገፋ ነው ማለት ነው። የኢንሱሊን መርፌውን መጠን ከፍ እናደርገዋለን።» ከፍ አደረገው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አሁንም ከፍ አደረገው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንደገና ጨመረና ስለ ዓይን ነርቭ አነሣ። የሰዓት ጠጋኝ ዓይን! ሚኒስትሯ በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ፣ ባሏ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ያን ቀን አልቀለደም። እሷ ለዓይኑ የፈራ መሰላት፤ ቤት እንደገባች ፖሙንም ለሁለት ከፍላ ግማሹን ከለከለችው።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንዲት ረጅም ባለ ፔንዱለም ሰዓት አለች፤ ቆማለች። በሰዓት ጠጋኝ ቤት የቆመ ሰዓት! ሚኒስትሯ ባየቻት ቁጥር ትነዘንዘዋለች። እሱም ሁልጊዜ «መለዋወጫ ጠፍቶ ነው» ይላል። ሆዷን ከፍታ አይታ አታውቅም። የሰዓት ሆድ ምን ሊያደርግላት?

በዚያ ቅዳሜ ዕቃውን ያመጣው የወትሮው ሽበታም ሰውዬ አልነበረም። እሱ ሲመጣ ከባሏ ጋር በር ላይ ሳቅና ጨዋታው ብዙ ነው። ያን ቀን የመጣችው ኮስታራ ሴት ናት፤ ሄልሜቷን ሳታወልቅ ካርቶኑን አስቀመጠች።

«ሰውዬውስ?» አለ ባሏ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አስግጎ።

«ፈቃድ ወጥቷል።»

«ሌላ… ለእኔ ስጪው ያለሽ ነገር የለም?»

«ያዘዛችሁት ይኸው ነው» አለችና ሄደች።

ሚኒስትሯ ካሮት እያጠበች ሰማቻቸው። ልብ አላለችውም።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ፣ በሩን እንደከፈተች ባሏ ሲቆጣ ሰማች። ባሏ አይቆጣም። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች። ከጎኑ የምሳው ሳህን ተጠርጎ ተበልቷል። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ከሳህኑ የተረፈች አንዲት የምስር ፍሬ በወረንጦ ይዞ፣ የተከፈተ ሰዓት ውስጥ ሊገጥማት ይታገላል።

«አልገጥም አለች! ይቺ ጥርስ አልገጥም አለች!»

ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ላብ ከግንባሩ እስከ ኮሌታው አጥምቆታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስፕሪንግ ሲያነሣ ውልፍት የማይል እጅ!

«አንቺ ማነሽ?» አላት።

የክሊኒኩ ነርስ ድሮ የነገረቻቸው ትዝ አላት፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ካያችሁ ስኳሩ ወርዶ ነው፤ መዋጥ ከቻለ ቶሎ ጣፋጭ ስጡት፣ ነገ ዛሬ የለውም። ያኔ የሌላ ሰው ምክር አድርጋ ነበር የሰማችው። የእሷ ባል ስኳር መውጣት እንጂ መቼ መውረድ ያውቃል?

«ስኳር!» ብላ ጮኸች፤ «ስኳር አምጡ!»

ጮኻ ስታበቃ ነው የገባት። ቢሆንም ኩሽና ሮጠች። ቁም ሳጥኑን ከፈተች፦ አጃ። መደርደሪያውን ከፈተች፦ ምስር። ፍሪጁን ከፈተች፦ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ክዳናቸውን ገጥመው በተራ ተቀምጠዋል። ፖም አነሣችና መልሳ ጣለችው፤ ሚስቱን ያላወቀ ሰው መቼ ሊያኝክ ነው? ሥራዋን ያን ያህል ጥርት አድርጋ ሠርታ ነበር።

«ይህ ቤት ስኳር የለውም! አንድ ማንኪያ ስኳር የለውም!» እያለች ሳሎን መሐል ቆማ ጮኸች። የቦርሳዋን አፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፣ ሊነጥቃት የመጣ ሰው ያለ ይመስል።

ያኔ አማቷ ከሶፋው ተነሡ። የተቀመጡበትን ትራስ ገለበጡ፣ ዚፑን ከፈቱ፣ እጃቸውን ስፖንጁ ውስጥ ሰደው የማርማላታ ብልቃጥ አወጡ። ማንኪያም አብሮት ነበር። ልጅቷም ከክፍሏ የዝናብ ቦት ጫማዋን ይዛ ሮጣ መጣች፤ ብትገለብጠው ከረሜላ ወለሉን ሞላው። ከዚያ ወደ ቆመችው ሰዓት ሄዳ፣ ስትከፍተው የኖረች ሰው በምትከፍትበት እጅ በሯን ከፈተችና ውስጧን ዳበሰች። የወጣው ባዶ የኬክ ካርቶን ብቻ ነው። አንዱ በሌላው ላይ፣ ብዙ ካርቶን።

«የአባዬ አልቋል!» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «ሰውዬው ቅዳሜ አላመጣለትማ!»

ሚኒስትሯ መደንገጥ ራሱ ተራ አጣባት። የቱን ታስቀድም? ባሏ እጇ ላይ እየሄደ ነው፤ አማቷ ትራስ ውስጥ ጓዳ ከፍተዋል፤ ልጇ ጫማዋን ሱቅ አድርጋለች፤ ሰዓቲቱ ቆማ የኖረችው ኬክ ጠግባ ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል ሳታውቅ የኖረች አንድ ሰው ብትኖር ሁሉንም የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ግን እጇ አልጠበቃትም፤ ብልቃጡን ነጥቃ ባሏ አጠገብ ተንበረከከችና በማንኪያ እየዛቀች አጎረሰችው። ዋጠ። ደግማ አጎረሰችው። ራሷ ከቤት አባርራ ያስወጣችውን ነገር በገዛ እጇ እያጎረሰች፣ ዋጥልኝ፣ አባቴ ዋጥልኝ፣ ትለዋለች።

ቆይቶ ላቡ ቆመ። ዓይኑ ከብዙ ሩቅ እንደመጣ ሰው ፊቷ ላይ አረፈ። የጢሙን ማርማላታ በምላሱ ቀመሰና፦

«ሚኒስትሯ» አለ በደከመ ድምፅ፤ «ማክሰኞ ምስር አልነበረም እንዴ?»

ሆስፒታል ሲደርሱ የተቀበላቸው ያው ሐኪም ነው። መረመረው፣ ግሉኮስ አስተከለለትና አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ሲበሉ ነበር?»

ባሏ ጣሪያውን አየ። «የእሷን ምግብ አንድም ቀን አልተውኩም። ከዚያ በላይ ነው እንጂ… በየቀኑ አንድ ኬክ። ቅዳሜ፣ ትኩሱ ሲመጣ፣ ሁለት።»

ሐኪሙ የያዘውን ብዕር ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው እኔ መርፌውን ስጨምር የከረምኩት ለኬኩ ነው። ኬኩ ሲቀር መርፌው ብቻውን ቀረ። ለመሆኑ ይህን ሳምንት ምን ነካዎት?»

«ሰውዬው ፈቃድ ወጣ። በዚያው ልተወው ብዬ… አንድ ሳምንት እንኳ እንዳለችኝ ልብላላት ብዬ ነው።»

ሚኒስትሯ የአልጋውን ብረት ያዘች። ባሏ ሊሞትባት የነበረው በታዘዘላት ሳምንት ነው! ሲያታልላት በሕይወት ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ልነግርሽ ነበር እኮ። ሐኪሙ ሲያመሰግንሽ ፊትሽ ሲበራ አየሁና አፌ ተያዘ። አውቶቡስ ውስጥ ስታለቅሺ ደግሞ ጭራሽ ጠፋኝ።»

«ለፊቴ ብለህ ልትሞትብኝ? ለፊቴ?» ብላ ጮኸችበት። ንዴቱም እንባውም አንድ ላይ መጣባት። ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች። «እርስዎስ እማማ? እያወቁ?»

አማቷ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «በዚህ ዕድሜዬ ትራስ ውስጥ ማርማላታ የምቀብረው ደስ ብሎኝ መሰለሽ ልጄ? ፈርቼሽ ነው። ሁላችንም ፈርተንሽ ነው።»

ደግነቱ አንዲት ነርስ በበሩ ብቅ አለችና የሕመምተኛውን ካርድ ጠየቀች። ሚኒስትሯ የምታደርገው በማግኘቷ ደስ እያላት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ዚፑን ከፈተች፣ ውስጡን በረበረች። ካርዱን ስትስበው አብራው አንዲት በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለች ከረሜላ ወጣችና ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ሌላም ተከተለቻት። ተንከባልላ አልጋው ሥር፣ ልጅቷ እግር አጠገብ ቆመች።

ባሏ እንኳ ቀልድ አልመጣለትም።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከረሜላዋን አነሣች። ከረሜላዋን አየች፣ ቦርሳውን አየች፣ እናቷን አየች።

«እማዬ፣ ቅድም… አባዬ እንደዚያ ሲሆን፣ ይሄ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?»

ረስቼው ነው ልትል አፏን ከፈተች። ድንጋጤ ስንቱን ያስረሳል፤ ማንም ያምናታል፤ እሷም ራሷን ልታምን ምንም አልቀራትም ነበር። ግን እጇ ትዝ አላት። ሳሎን መሐል ቆማ ስኳር የለም እያለች ስትጮኽ፣ የቦርሳዋን አፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ጣቶቿ ላይ የዚፑ ጥርስ ያተመው ሰንበር አሁንም አልጠፋም። አየችው።

«ነበር» አለች።