እምቢ ያለው የምድጃ ክዳን

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ገሠሠ ለመስቀል ከመርካቶ ወደ ቡታጅራ ሲገባ እንደ ሌላው ነጋዴ ጋቢና ነጠላ ብቻ ይዞ አልመጣም። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በገለባ የተጠቀለለ፣ አንድ ጎበዝ ብቻውን የማያነሳው ምድጃ ጭኖ መጣ። ወፍራም ሸክላ ነው፤ ቅርጹ እንደ እንቁላል፣ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ክዳኑ ከኋላ በማጠፊያ ተይዞ እንደ ሳጥን የሚከፈት። ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዛው። «ዘንድሮ የመስቀሉን ሥጋ የምጠብሰው እኔ ነኝ፤ ሴቶች እረፉ!» አለ፣ ገና አቧራውን ሳያራግፍ።

ይህች «እረፉ» ሚስቱ ወለተ ሐና ጉሮሮ ላይ ተሰነቀረች። ባሏ መርካቶ ሲነግድ እሷ ቤቱን ይዛ፣ ከሰፈር ሴቶች ጋር በውጆ፣ በቅቤ ዕቁቡ፣ ቅቤ ስታዋጣ ከርማለች። ተራዋ ደርሶ ያነጠረችው ቅቤ የተቀመጠው ለአንድ ነገር ነው፤ ለመስቀል ክትፎ። የባሏ አባት አቶ ባልቻ በቤተ ዘመዱ ፊት መጀመሪያ ቀምሰው ያዘጋጀችውን እጅ ይመርቃሉ። አምና የተመረቀችው የገሠሠ ወንድም ሚስት ተናኘወርቅ ናት፤ ይህንንም ዓመቱን ሙሉ ለማንም አላስረሳችም። አሁን ታዲያ ሥጋው በሙሉ አረንጓዴ እንቁላል ውስጥ ሊገባ ነው? «እንዲያማ አይሆንም» አለች ወለተ ሐና በሆዷ።

ደግነቱ ከቡኢ ወዲህ ያለው መንገድ አስቀድሞ ረድቷታል። ምድጃው ሲንገጫገጭ መጥቶ ክዳኑ ወደ ፊት ተንሸራቷል፤ ሲዘጋ ከፊት ይወጣና ከኋላ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። በዚያ ነፋስ እየገባ ፍሙ ይንቀለቀላል፤ ሥጋው ባንድ ወገን ከሰል፣ ባንድ ወገን ደም ይሆናል።

ጎረቤታቸው ባዩ መላ አመጣ። «አረቄ ስናወጣ ማሰሮውን በምንድን ነው የምንመርገው? በሊጥ አይደለም? በሉ ቆጮ አምጡ!» ክፍተቱን ዙሪያውን በቆጮ ሊጥ መረጉት። እሳቱ ሲግል ቆጮው በሰለ፤ ክዳኑም ከምድጃው ጋር ተጣብቆ አልከፈትም አለ። ባዩ በቢላ እየቆረሰ ዙሪያውን በላው። ለሙከራ ያስገቡት ሥጋ ጋ ሲደርሱ ደርቆ ጠፍር ሆኗል። «ቆጮውስ ጥሩ ነበር» አለ ባዩ አፉን እየጠረገ።

ገሠሠ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በማግስቱ ከአንድ ሹፌር መፍቻ ተውሶ ክዳኑን ያቀፈውን የብረት መቀነት መረመረ። ዳዶዎቹን አላላ፤ ክዳኑን ዘግቶ ከንፈር ለከንፈር እስኪገጥም ገፋው፤ ከዚያ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ እያለ ጥቂት በጥቂት አጠበቀ። ገጠመ! «አንቺ፣ ነይ እዪ!» አላት። መጥታ አየች። እንዴት እንደሚፈታም አብራ አየች።

እሱ ገበያ ሲወጣ የግራውን ዳዶ አላላች። ተመልሶ ቢዘጋው ክዳኑ ተንጋደደበት፤ ራሱን እያከከ አጠበቀው። ቤተ ክርስቲያን ሊስም ሲሄድ ደግሞ የቀኙን አላላች። «የኛ አየር አልተስማማው ይሆን?» አለ ግራ ገብቶት። «ፈረንጅ አገር የለመደ ዕቃ አይደል፤ ሆድ ብሶት ነዋ» አለችው፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ እያፈነች።

የእርዱ ቀን ክዳኑ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተንጋዶ ዋለ፤ ገሠሠም እጁን ሰጠ። ወለተ ሐና ክትፎውን በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሳ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰብራ ለአቶ ባልቻ አቀረበች። ተናኘወርቅ ከንፈሯን ነከሰች።

አቶ ባልቻ ክትፎውን አይተው ምራቃቸውን ዋጡ፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። ወደ ወለተ ሐና ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ዘንድሮ የጠጣሁት ኮሶ ሊገድለኝ ነበር። ሐኪሙም ሁለተኛ ጥሬ እንዳይቀምሱ ብሎኛል። ገሠሠን ምድጃ አምጣልኝ ያልሁት እኔው ነኝ። ጥሬ ፈራ ብለው እንዳይስቁብኝ፣ ለማንም እንዳትነግር አልሁት።»

«ለብለብ ላድርግልዎ፣ አባባ?» አለች።

«ለብለብማ ያው ግማሽ ጥሬ ነው። ግድ የለም፣ እናንተ ብሉ። ለኔ ጎመኑ ይበቃኛል።»

ጎመን! በመስቀል፣ የቤቱ አባት፣ ጎመን! ወለተ ሐናን ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ሐፍረት ወረራት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ መፍቻውን አንስታ ምድጃው ሥር ተንበረከከች። ሁለቱንም ዳዶ አላላች፤ ክዳኑን ዘግታ ከፊት በመዳፏ ገፋ አደረገችው፤ ከንፈሩን ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለች አጠበቀች። ዘመዱ ምን ሆነች ብሎ ሳይጠይቅ ክዳኑ ገጠመ፤ ፍም አድርጋ ሥጋውን ስታስገባበትም ጭሱ በላይኛው ቀዳዳ ብቻ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ገሠሠ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይሄን መቼ ተማርሽው?»

«ስፈታው» አለች ቀስ ብላ፣ ቀና ብላ ሳታየው።

ጥብሱ በሰለ። አቶ ባልቻ ጠግበው በሉ፤ ተነሥተውም ቤተ ዘመዱን ጸጥ አሰኙ። «ወለተ ሐና፣ እጅሽ ይባረክ! ከእንግዲህ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ለመስቀል የምበላው ጥብስ ነው፤ የምትጠብሽልኝም አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሥራ እንዳትነኪ!»

ከሁሉ ጮክ ብላ «አሜን!» ያለችው ተናኘወርቅ ናት። «ክትፎውን ለከርሞም እኔው እይዘዋለሁ፤ እሷ ትረፍ» ብላ የወለተ ሐናን ክትፎ ወደ ራሷ ሳበችው።