የሃንዶኮ አራት ሺህ ተሳፋሪዎች

ሃንዶኮ ባቡር ስንት ሰው እንደሚሳፈርበት ይተነብያል፤ እንጀራው ይኸው ነው። ወደ ካራንግሳሪ መንደር ለሚሄደው አዲስ መስመር በቀን አራት ሺህ ሰው ብሎ ጻፈ። መስመሩ ከተከፈተ ዓመት ሞላው፤ የሚሳፈረው ሦስት መቶ አሥር ነው። ከእነሱም አሥሩ የባቡሩ ሠራተኞች ናቸው።

ስሌቱ እንከን አልነበረውም። ቤት ለቤት ዞሮ «ባቡር ቢመጣ ትሳፈራላችሁ?» ብሎ ጠይቋል፤ ሁሉም «አዎ» ብለዋል። እዚህ ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ውስጥ እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። ሃንዶኮ ራሱ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ ጠፍቶት አይደለም። ግን እንግዲህ ፍረዱኝ፣ «አዎ» ያለን ሰው «አይ» ብሎ ይጻፈው?

አለቃው ሲናጋ ግን የሌላ ደሴት፣ የሱማትራ ሰው ነው፤ ነገር ማሽሞንሞን አያውቅም።

«ሐሙስ ጣቢያው ላይ ቆመን እንቆጥራለን» አለው። «ግማሹ እንኳ ካልሞላ መስመሩ ይዘጋል፤ አንተም ጓዝህን ትሸክፋለህ።»

ሃንዶኮ ካራንግሳሪ ወርዶ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ የሚሸጡትን እማማ ፓይነምን አገኛቸው። እማማ ባቡሩን ረግጠውት አያውቁም። ልጃቸው በሞተር ከደጃፋቸው አንስቶ ገበያ ያደርሳቸዋል፤ ጣቢያው ከሩዝ ማሳው ማዶ ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አዎ አሉኝ?»

«በዚያ ፀሐይ ደብተር ተሸክመህ መጥተህ፣ በምን አንጀቴ እምቢ ልበልህ ልጄ?»

«አሁን ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው።»

«ውይ፣ እኔን!» አሉ እማማ።

ሐሙስ ጠዋት ካራንግሳሪ ግልብጥ ብላ ወጣች። የክት ልብሳቸውን፣ ባለ ጥለት ባቲካቸውን ለብሰው፣ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ቋጥረው ተሳፈሩ። መጨረሻው ጣቢያ ወርደው ሻይ ጠጡና ተመለሱ። ሲሄዱም ሲመለሱም ተቆጥረው አራት ሺህ አሥራ ሁለት ሆኑ።

ሲናጋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ልክክ ያለ ትንበያ አላየሁም! ከሰኞ ጀምሮ የባቡሩን ምልልስ እጥፍ እናደርገዋለን። በየቀኑ ይህን ያህል ሰው እንደሚመጣ ፈርምልኝ።»

ሃንዶኮ እስክሪብቶውን እንደያዘ ዞር አለ። እማማ ፓይነም ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ያሻሉ። ልጃቸው ጣቢያው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃቸዋል።

«እማማ፣ ነገም ይመጣሉ?»

እማማ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥለው ወረቀቱን አዩ። ፈገግ አሉ።

«እንዴታ ልጄ! ምን ጥያቄ አለው!»

ሃንዶኮ እንዲህ የሚወዱት ሰዎች እንዳሉት አያውቅም ነበር።

«ምን አሉ?» አለ ሲናጋ።

«አዎ አሉ» አለና ፈረመ።