የጋሽ ሞሲሳ ቅሬታ

ማስታወቂያው የተለጠፈው ከላምበረት በላይ፣ ደኑ መግቢያ ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ ነበር። ጋሽ ሞሲሳ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው። ደኑ ጥብቅ ስፍራ ሊሆን ነው፤ ከተከለለ በኋላ ሰው አይገባም፤ ቅሬታ ያለው ቅዳሜ ጠዋት ወረዳው አዳራሽ ቀርቦ ያስመዝግብ ይላል።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። እዚያ ደን ውስጥ ብቻዬን ስዞር ነው የምውለው። ከሲኤምሲ በኩል ሽቅብ የሚመጣውን ፎቅ ሳይ፣ ዛፎቹ ስንት ዓመት ቀራቸው እያልኩ እፈራለሁ። የጋሽ ሞሲሳ አሥራ አንድ ቀፎ ግን የተሰቀለው እነዚያው ዛፎች ላይ ነው። እርሻቸው ለፎቅ ከተወሰደ በኋላ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።

«ቢሩክ፣ ንቦቼስ?» አሉኝ።

«ቅዳሜ ይንገሯቸው፣ ጋሼ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ሰብሳቢው አቶ ሀብቶም፣ ቅሬታ ከሌለ ክለላው ዛሬውኑ እንደሚጸድቅ፣ ካለ ግን እስኪታይ እንደሚቆይ ተናገሩ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሉሊት የምትባል ልጅ ናት። የጋሽ ሞሲሳ ተራ ደረሰ።

«አባቴ፣ ቅሬታ አለዎት?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ? በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁዳዴ ነው፤ ቂም ይዤ ልጾም እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። «እንዲህ ያለ አባት ያብዛልን!» አለ አንዱ ከኋላ። ሉሊት «ቅሬታ የላቸውም» ብላ ፎርሙ ላይ ጻፈችና ለአሻራ ገፋ አደረገችላቸው።

ዝም ብል ዛፎቹ ዛሬውኑ ይተርፋሉ። እንዲያውም ፎርሙ ሲገፋላቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሰው ፊት ተናግሬም አላውቅ። ጋሽ ሞሲሳ የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ሲያስነኩ ግን ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ! እነሱ ቅሬታ የሚሉት ቂምን አይደለም። የለኝም ካሉ ቀፎዎቹ ይወርዳሉ፤ እርስዎም ሁለተኛ አይገቡም።»

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«እንዲያ ከሆነ፣» አሏት ሉሊትን፣ «ደኑም ይጠበቅ፣ እኔም ልግባ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«አባቴ፣ ፎርሙ ላይ ያለው ‹አለኝ› እና ‹የለኝም› ብቻ ነው።»

ጋሽ ሞሲሳ እንደሚያነብ ሰው ፎርሙን ትኩር ብለው አዩት። አሁን ማንም አልሳቀም።

«አለኝ በይው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ሉሊት የቀድሞውን ሰርዛ «ቅሬታ አላቸው» ብላ ጻፈች። እሳቸው አማተቡ፤ ከዚያ ጣታቸውን አሳረፉ።